የሆርዶፋ ኮርድ

የሌንጂሳ ትንሽ ጣት የተጣመመችው ጭልሞ ጫካ ውስጥ ከነብር ጋር ሲተናነቅ ነው፤ ይህን ያልሰማ አምቦ ውስጥ ያልተወለደ ብቻ ነው። የእጃጂ ሚኒባስ በር እንደጨፈለቃት የምታውቀው ሚስቱ ጉዴ ናት። ሁለተኛው ወሬው ግን ከነብሩም ይብሳል፦ «የሆርዶፋን ኮርድ ለሆርዶፋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ሆርዶፋ ሃያ ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ከጎኑ ጊታር የመታ ጓደኛው ነው። በአንዲት መዝሙሩ መጨረሻ፣ ዜማው ማረፊያው ኮርድ ኤ ማይነር ላይ ሊያርፍ ሲል፣ አምስት ድምፅ አንድ ላይ የሚመታበት ጎምዛዛ ኮርድ ይጥልባታል። አዋቂዎቹ ኦልተርድ ዶሚናንት ይሉታል። እሱ ግን «በሩ ተከፍቶለት ያልገባ ሰው ነው» ይል ነበር። ያኔ ከጉደር እስከ ጌዶ ያለ ፍጥረት ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ሌንጂሳም እጁን አንስቶ ይጠብቃል። ሆርዶፋ አገጩን ዝቅ ሲያደርግ ሁለቱም አብረው ወደ ማረፊያው ይወርዳሉ።

ሌንጂሳ ግን የኮርዱን አያያዝ አሳየኝ ለማለት ኩራቱ አልፈቀደለትም። ዛሬ ነገ ሲል ሆርዶፋ ኩላሊቱን ታሞ ሞተ።

ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ የመዘምራኑ ሽማግሌ ኦቦ ጉርሙ ጠጋ አሉት።

«እሁድ መዝሙሩን ለመታሰቢያው እንዘምራለን። ኮርዱን አንተው ነህ ያስተማርከው፣ አንተው ትመታዋለህ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ» አለ ሌንጂሳ።

ሁለት ቀን በሩን ዘግቶ ስልኩ ላይ ካለች የመዝሙሩ ቅጂ ጋር ታገለ። አንዱን ድምፅ ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። ጉዴ ብቅ ብላ «ነብሩ ተመልሶ መጣ እንዴ?» አለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጊታሩን ተሸክሞ ሟች ቤት ሄደ። የሆርዶፋ ልጅ መቲ፣ ጌዶ ነርስ የሆነችው፣ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«መቲ፣ እኔ ያንን ኮርድ አላውቀውም። ለአባትሽም አላስተማርኩትም።»

«አውቃለሁ፣ ኦቦ ሌንጂሳ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አባባ ሲያስተምረኝ ነው የገባኝ። ትንሿ ጣት ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ካልተጫነች አይወጣም። የእርስዎ ደግሞ አትዘረጋም። አባባን ስጠይቀው ‹ሰው ፊት እንዳታነሺበት› አለኝ። እሱማ ለሰው ሁሉ ‹ሌንጂሳ ነው ያስተማረኝ› ይል ነበር።»

ሌንጂሳ ድንኳን ውስጥ ያላወረደውን እንባ እዚያ አወረደው። ጋብ ሲልለት መቲ ጣቶቹን አንድ በአንድ ክሮቹ ላይ አስቀመጠችለት። ትንሿ ጣት አንዱ ክር ላይ ብቻ ደረሰች።

«ማሎ፣ እባክዎ አያስጨንቋት። የቀረውን በአባባ ጊታር እኔ እመታዋለሁ።»

እሁድ ከመዝሙሩ በፊት ሌንጂሳ ማይኩን ያዘ። «ይህን ኮርድ ትናንት መቲ አስተማረችኝ። እሷን ያስተማራት አባቷ ነው። እኔ ማንንም አላስተማርኩም።» ኦቦ ጉርሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

መዝሙሩ መጨረሻው ላይ ደረሰ። አራቱን ድምፅ እሱ፣ አምስተኛውን እሷ መቱት፤ ያ ጎምዛዛ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ሌንጂሳ ግን ወደ ማረፊያው አልወረደም። እንደለመደው ወደ ጎን ዞሮ የሆርዶፋን አገጭ ይጠብቃል። የክሩ ድምፅ እየደከመ ሄደ።

መቲ ቀና ስትል አየችው። ከዚያ አገጯን ዝቅ አደረገች።