የሰይፈሥላሴ ሦስት ሳጥኖች

የልጅ ልጄ ሰይፈሥላሴ ሳይሞት በፊት ለልጁ ለፋሲካ ድምፁን ቀድቶ አኑሮላት ነበር። ያኔ ገና ጡት አልጣለችም። "ስታድግ ትሰማኛለች" ብሎ፣ በዚያ በታመመ ደረቱ፣ ቀራንዮ ካለው ቤታችን ጓዳ ገብቶ ያወራላታል። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሰጋለሁ። ሳሉን እንጂ ቃሉን አልሰማሁም።

ጓዳው ውስጥ በሽቦ የተያያዙ ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ጥቋቁር ሳጥኖች። ከተዝካሩ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ዕቃውን ሲያካፍል፣ ማንም እንዳይከፋው ተብሎ አንዱ ለሚስቱ ለወርቅዬ፣ አንዱ ለወንድሙ ለባምላኩ፣ አንዱ ለእህቱ ለሶፊ ተሰጠ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ።

ወርቅዬ የሷን አስከፈተች፤ ምንም የለም። ባምላኩም እንደዚያው። እሱ "ድምፁ እሷ ጋ ነው" አለ፤ እሷ "ደብቆብኝ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም ቀረ።

ባለፈው ወር የሰይፈሥላሴ የሥራ ጓደኛ ደግፌ ሊጠይቀን መጣ። የወርቅዬን ሳጥን ለብቻው ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

"እማማ፣ ማን ነው የለያያቸው?"

"ሽማግሌ ነዋ። እኩል ተካፈሉ።"

"ድምፁ እኮ አንዱ ውስጥ አይደለም። ሦስቱ ተያይዘው ሲሠሩ በላያቸው የሚነሳ ሌላ ኮምፒውተር አለ፣ ቨርቹዋል ማሽን የምንለው። በእጅ አይጨበጥም። ያለውን ሁሉ ቆራርጦ ሦስቱ ላይ ይበትነዋል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ደግሞ ሁለት ሳጥን ላይ ያስቀምጠዋል።"

"ምን ያስበትነዋል? አንድ ቦታ አያኖረውም?"

"መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዱን ቢያቃጥለውስ? በቀሩት ሁለቱ ይነሳል። አንዱ ብቻውን ግን አይነሳም።"

"ሁለት ከተገኘ ይበቃል?"

"ይበቃል፣ እማማ።"

ለሶፊ ወዲያው ደወልኩ። ባዶ መስሏት ያለውን አጥፍታ ለሱቋ አድርጋዋለች። ስልኩ ላይ አለቀሰች። የቀረው የባምላኩ ነው። ጉልበቴን እያሻሸሁ በታክሲ ሳንሱሲ ወረድኩ።

"የወርቅዬ ጠበቃ ሆነው መጡ?" አለኝ ገና ከበሩ።

"የፋሲካ ነኝ" አልኩት። ደግፌ ያለውን ነገርኩት። ስጨርስ ባምላኩ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

"ለቆራሌው ሰጠሁት፣ እማማ።"

"መቼ?"

"ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ። ባየሁት ቁጥር ያበግነኝ ነበር። ድምፁን እሷ ይዛ ለኔ ቆርቆሮውን የሰጡኝ መስሎኝ..."

ልቆጣው ነበር። ተነስቶ ቆራሌውን ፍለጋ ጫማውን ሲያጠልቅ አየሁና ተውኩት።

አሁን ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ምናለሽ ተራ ይዞራል። ወንድሙ ሳጥኑ ጎን ላይ የለጠፈው የመድኃኔዓለም ሥዕል ስላለበት አውቀዋለሁ ይላል። ሲመለስ እኛ ቤት ይገባል፤ ወርቅዬ ውሃ ታቀርብለታለች፤ "ዛሬስ?" ትለዋለች፤ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ፀሐዩ እንዳይመታው፣ ሌባ እንዳያገኘው ስሰጋ እውላለሁ። አትሂድ ግን አልለውም።

የወርቅዬን ሳጥን መብራት እንዳያቃጥለው ብዬ በነጠላዬ ጠቅልዬ ራስጌዬ አድርጌዋለሁ። ፋሲካ አባቷ ለሷ ያወራው እዚያ ውስጥ መሆኑን ስለሰማች፣ ጆሮዋን ትለጥፍበትና ወደኔ ትዞራለች።

"እማማ፣ አባዬ ምን አለ?"

እኔ የሰማሁት ሳሉን ብቻ ነው።