የማክሰኞና የሐሙስ ሥጋ

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ኖረዋል። በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ምድጃ ያበስላሉ፣ ለአንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ ከአንዱ አፍ ለሌላው የሚወጣ ቃል ግን የለም።

ታላቅየው መካኒክ ነው። ጋራዥ ውስጥ «ብሎን» ይሉታል፤ አንዴ ከጠበቀ ማንም አይፈታውም ለማለት ነው። ታናሽየው ልብስ ሰፊ ነው፤ ከቤታቸው ትንሽ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ይውላል። በመካከላቸው ያሉት አባታቸው ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። የቀሯቸው ጥርሶች አምስት ብቻ ናቸው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራልዎት ሲባሉ «የማላውቀውን ጥርስ አፌ አላስገባም» ብለው እምቢ አሉ። እንዲያም ሆኖ፣ ሥጋ የሌለበት እራት ለእሳቸው እራት አይደለም። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ማታ ማታ ያስለመዷቸው እንዲያ ነበር፦ ድንች የገባበት ሥጋ፣ ሩዝ ላይ የፈሰሰ ሥጋ፣ ከማካሮኒ ጋር የተደባለቀ የተፈጨ ሥጋ፤ ብዙ የማያለፋ፣ ደክሞት የገባን ሰው ሆድ የሚያሞቅ ምግብ።

ኩርፊያው የመጣው በእኚሁ እናት ሞት ነው። ሲታመሙ ብሎን ሁለት ቀን የሚያስኬድ ሩቅ ቦታ፣ መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ትላልቅ ማሽኖች ይጠግን ነበር። ታናሹ ደውሎ «እማዬን ትንሽ አሟታል» አለው። ብሎንም «ትንሽ ከሆነ ሥራውን ጨርሼ እመጣለሁ» አለ። በስምንተኛው ቀን እናትየው አረፉ። ብሎን የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነበር። ሻንጣውን ሳያወርድ በር ላይ ቆሞ ወንድሙን «ደብቀኸኛል» አለው። ልብስ ሰፊው ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያች ቀን በኋላ ቃል አልተለዋወጡም። በዚያው ሰሞን ካምፑ ሲዘጋና ትዳሩም ሲፈርስ ብሎን ወደ አባቱ ቤት ጠቅልሎ ገባ፤ ጠቡም አብሮት ገባ።

እራቱን በተራ ያዙት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የልብስ ሰፊው፣ ማክሰኞና ሐሙስ የብሎን። ቅዳሜና እሑድ የተረፈውን ያሞቃሉ። መነጋገር ግድ ሲሆን በአባታቸው በኩል ነው።

«አባባ፣ ጨው የጨረሰ ሰው ጨው ይግዛ ይበሉልኝ» ይላል ልብስ ሰፊው፣ ወንድሙ አንድ ክንድ ርቆ ቆሞ።

«አባባ፣ ጨው የሚያበዛ ሰው ነው ጨው የሚጨርሰው ይበሉልኝ» ይላል ብሎን።

«ሰምቷል» ይሉና አባትየው ጎርሰው ይቀጥላሉ።

አበሳሰላቸውም እንደ ጸባያቸው አይገናኝም ነበር። ልብስ ሰፊው የተፈጨ ሥጋ በሽንኩርትና በእንቁላል ለውሶ ያድበለብልና በቲማቲም መረቅ ውስጥ በቀስታ ያበስለዋል። ሲቀርብ ማንኪያ ይቆርጠዋል። ብሎን ግን «ሥጋ ሥጋ መምሰል አለበት» ባይ ነው። ጡጫ የሚያህል እየቆረጠ እሳቱን ለቆ ይጠብሰዋል። አባትየው የእሱን ሥጋ ሲቀበሉ ጭማቂውን ይመጥጡና፣ ማንም ሳያያቸው ቁራጩን መሐረባቸው ውስጥ ይሸሽጉታል። ልጃቸውን ማስከፋት አልፈለጉም።

አንድ ሰኞ ልብስ ሰፊው የአባቱን ልብስ ሊያጥብ ኪሳቸውን ሲፈትሽ መሐረቡን አገኘው። ፈታው። ሰባት ቁራጭ የደረቀ ሥጋ ተቋጥሮበታል። ሌላ ሰው ቢሆን አባቱን ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን መልሶ ቋጠረና የወንድሙ የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ከተተው። በማግስቱ ጠዋት ብሎን ጋራዥ ውስጥ ሳጥኑን ሲከፍት መሐረቡን በሥራ ጓደኞቹ ፊት ፈታው።

«ብሎን፣ ምሳህን ጎማ አደረግከው እንዴ?» አለ አንዱ። ጋራዡ በሳቅ አውካካ።

ብሎን የአባቱን መሐረብ አውቆታል። መሐረቡን ማን እንዳስቀመጠውም አውቋል። ያን ዕለት ተራው ቢሆንም ምንም አላበሰለም፤ አባትየው የሰኞውን ትራፊ በሉ። ረቡዕ ጠዋት ወጥ ቤት ገባና የጋዙን መክፈቻ ከነጎማው ፈትቶ ሥራ ቦታው ይዞት ሄደ። ልብስ ሰፊው ማታ ሥጋውን አድበልብሎ ጨርሶ ክብሪት ቢጭር የጋዝ ሲሊንደሩ ያለ መክፈቻ ቆሟል። በዚያ ሰዓት የሚዋስበት ጎረቤት አልነበረም። አባትየው ደረቅ ዳቦ በቀዝቃዛ ወተት እየነከሩ በሉ።

«አባባ» አለ ልብስ ሰፊው፣ «ይህን ያደረገ ሰው እጁ ይቆረጥ ይበሉልኝ።»

አባትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ዛሬ ምንም አልልም» አሉ። «አፌ ደክሞታል።»

ሐሙስ የብሎን ተራ ሆነ። መክፈቻውን መልሶ ገጠመ። ግን አንድ የተበላሸ የጭነት መኪና ጋራዥ አቆይቶት ስለነበር ዘግይቶ ነው የገባው። ሥጋውን ከሽንኩርትና ከድንች ጋር ለቀቅ ባለ እሳት ላይ ጣደና ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው አወጣው። አባትየው ከትናንት ጀምሮ እርቧቸዋል። የመሐረቡንም ወሬ ከልብስ ሰፊው ሰምተው አፍረዋል። ስለዚህ ያን ማታ ምንም ላለመሸሸግ ወሰኑ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ሳያላምጡ ዋጡት፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

ድምፅ አልወጣቸውም። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ጫን አድርገው ዓይናቸውን አፈጠጡ። ፊታቸው ጠቆረ። ልብስ ሰፊው ዘሎ ተነሥቶ ጀርባቸውን ይመታ ጀመር። ብሎን ገፍቶ ጣለው። ከኋላ ሆኖ አባቱን አቅፎ አነሣቸውና ሆዳቸውን ወደ ላይ ገፋ። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ሥጋው ከአፋቸው ተፈናጥሮ ሳህን ላይ ወደቀ። አባትየው የሰመጠ ሰው ከውኃ እንደሚወጣ አየር ሳቡ።

ልብስ ሰፊው ከወደቀበት ተነሣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለወንድሙ የወጣችው የመጀመሪያ ቃል «ገዳይ!» የምትል ነበረች።

«ማን ነው ገዳይ?» ብሎን ወደ እሱ ዞረ። «አሁን ማን አዳናቸው?»

«አንተ ነህ ያነቅካቸው! አምስት ጥርስ ላለው ሰው እንዲህ ያለ ሥጋ ይቀርባል? እሷን ሞታ አገኘሃት፣ እሳቸውን ደግሞ በእጅህ ልትጨርሳቸው ነው!»

«ሞታ ያገኘኋት በማን ምክንያት ነው? ‹ትንሽ› ብለኸኛል! በዚህ ምላስህ ‹ትንሽ አሟታል› ብለኸኛል! እናቴን ሳልሰናበት የቀበርክብኝ አንተ ነህ!»

«ልጅ ቢኖራት ለትንሹም ይመጣ ነበር!»

ብሎን የወንድሙን ሸሚዝ አንገት ላይ ጨመደደ። ልብስ ሰፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን የዳቦ ቢላ አየው፤ እጁ ግን አልሄደም። በዚያች ቅጽበት አባትየው ገና በጎረነነ ድምፅ ተናገሩ።

«ልቀቀው። እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ዞሩ።

«‹ትንሽ አሟታል በለው› ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ስልኩን ይዞ ‹አባባ፣ እንዲመጣ ልንገረው› ብሎ ለምኖኛል። ከለከልኩት። ለማንም እንዳይናገርም አስምዬዋለሁ።»

ብሎን እጁ ላላ። «ለምን?» አለ።

«ሐኪሙ ‹ልጆቿን ጥሩ› አለኝ። አንተን ከጠራሁ እሷ ልትሞት ነው ማለት ነው። ካልጠራሁህ የምትድን መሰለኝ።» አገጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ከሞተች በኋላ ደግሞ ልነግርህ ፈራሁ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ...»

«ሦስት ዓመት!» አለ ብሎን። «ሦስት ዓመት መሀላችን ተቀምጠህ ትበላለህ? አንተ ነህ? አንተ?»

አባቱን አንቱ እያለ ያደገ ሰው ነው። በሰላሳ ዘጠኝ ዓመቱ አንተ ሲላቸው የመጀመሪያው ነበር። ሦስቱም ሰሙት። አባትየው አንገታቸውን ደፉ።

ብሎን ወደ ወንድሙ ዞረ። «አንተስ አፍህን ምን ዘጋው?»

«ብነግርህ እሳቸውን ትጠላለህ። እኔን ብትጠላ ግን ምን ይቀርብሃል ብዬ ነው» አለ ልብስ ሰፊው፣ የተቀደደ አንገትጌውን እያስተካከለ። «ስለማዝንልህ እንዳይመስልህ። አሁንም መምጣት ነበረብህ።»

ብሎን ልብሱን ሰበሰበ፣ ሳጥኑን አንሥቶ ወጣ። ጋራዡ ጀርባ ጎማ ከሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ይተኛ ጀመር። ሁለት ሳምንት ደብዛው ጠፋ። እቤት ልብስ ሰፊው በየቀኑ ያበስላል፤ አባትየው ግን ግማሹን እየተዉት ይነሣሉ። ልብስ ሰፊውም ተናደደባቸው። «እሱ ሲኖር ጎማ ይውጣሉ፣ እኔ አለስልሼ ሳቀርብልዎ ይተዋሉ» አላቸው አንድ ቀን።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ብሎን በላስቲክ ሥጋ አንጠልጥሎ ገባ። ለማንም ሰላም አላለም። ሥጋውን መክተፊያው ላይ ዘረገፈና ወንድሙን ሳያይ ጠየቀው።

«እንዲለሰልስ ስንት ሰዓት ነው የሚፈጅብህ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል። በዝግታ። አንተ በዝግታ የምትሠራው ነገር ካለ።»

«ሰዓቱን ነው የጠየቅኩህ።»

«ትንንሽ አድርገህ ቁረጠው። ያ ያንተ ቁርጥ ለጅብም ይበዛል።»

ብሎን ጥርሱን ነክሶ ቆረጠ። ሁለት ሰዓት ተኩል ምድጃው ሥር ቆመ። ሲበስል አባቱ ፊት አስቀመጠና «ምግቡ ደርሷል» አለ። አንቱም አላለ፣ አንተም አላለ። ራሱ አልበላም። ወጣ።

አንድ ወር እንዲህ ሆነ። ማክሰኞና ሐሙስ ይመጣል፣ ያበስላል፣ ሳይበላ ይሄዳል። ከወንድሙ ጋር የሚያወራው ስለ ሽንኩርቱና ስለ እሳቱ ብቻ ነው፤ እሱንም እየተነካከሱ። ለአባቱ «ሞቋል»፣ «ይቀዘቅዛል» ከማለት በቀር ቃል አያወጣም። አባትየው ሁልጊዜ አንድ ወንበር ስበው ይጠብቁታል፤ እሱ ወንበሩን እንዳላየ ያልፈዋል።

በአንዱ ሐሙስ መረቁን እያማሰለ ሳለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ጠየቀ።

«ጠይቃኝ ነበር?»

አባትየው ስለ ማን እንደሚያወራ ወዲያው ገባቸው። «በየሰዓቱ» አሉ።

«ምን ተባለች?»

«መንገድ ላይ ነው አልኳት። እየመጣ ነው፣ መኪና ተሳፍሯል፣ ነገ ይደርሳል አልኳት።»

«አመነች?»

«አመነች። ‹ርቦት ነው የሚመጣው፣ ሥጋ አስቀምጡለት› አለች። ይህን የምልህ ይቅር እንድትለኝ አይደለም። ቃሉ ያንተ ነው፣ ለራሴ ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ።»

ልብስ ሰፊው የያዘውን ሳህን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ብሎን አልዞረም። ትከሻው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። መረቁ ድስቱ ሥር መያዝ ጀመረና ሽታው ቤቱን ሞላው።

«እያረረብህ ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

«አየሁት!» ብሎ ጮኸበት ብሎን፣ ድምፁ ተሰብሮ። ጋዙን ዘጋ። ፊቱን በክንዱ ጠረገና ሦስት ሳህን አወጣ። የአባቱን በጣም ከለሰለሰው ሞላና ፊታቸው አስቀመጠ። «ይብሉ» አለ። ይቅርታ አድርጎላቸው አልነበረም፤ ፊቱ እንደ ጠቆረ ነው። ግን የተሳበውን ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

ከሥር ያረረውን ሥጋ ሦስቱም በሉ። ሲጨርሱ ብሎን ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰ።

«ማክሰኞ ዶሮ አመጣለሁ» አለ።

«ዶሮ አጥንት አለው» አለ ልብስ ሰፊው።

«አጥንቱን አወጣዋለሁ።»

«አንተ? አንድ ስንጥር ታስቀርና ደግሞ...»

«እንግዲያው ራስህ ቀድመህ መጥተህ አውጣው!»

«ሱቅ አለኝ እኮ፣ ሥራ ፈት መሰልኩህ?»

አባትየው ጣልቃ አልገቡም። ልጆቻቸው እየተጨቃጨቁ እስከ በሩ ሲሄዱ፣ እሳቸው ሳህኑ ላይ የቀረውን መረቅ በዳቦ ይጠርጉ ነበር።