ግራ እጅ ላይ አራት አምባር

1.

አምባሩ አልወልቅ አለ።

ወይንሸት ግራ እጇን ሳሙና ለቅልቃ፣ አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ አጥፋ፣ በአዳራሹ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ሳበችው። ቆዳዋ ተላጠ እንጂ ወርቁ ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ሲገባ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የአዳማ ሙቀት እጇን አሳብጦታል። ደግሞ አንድ አይደለም፣ አራት ነው። ውጭ የመልሷ ዕድምተኛ ያጨበጭባል።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይህችው ሙሽራ መድረክ ላይ ወጥታ ስቲል ጊታር ትጫወታለች። አሳምራ ከተጫወተች ከባንዱ ጋር ትቀጥላለች። ካላሳመረች ጊታሩ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ዳግመኛም አይወጣም።

2.

(መሣሪያውን ለማያውቅ አንባቢ የተጻፈ መመሪያ። የምታውቅ ከሆነ ዝለለው፤ አልቀየምም።)

ወንበር ላይ ተቀመጥ። ጊታሩን አትቀፈው፤ ጭንህ ላይ በጀርባው አስተኛው። በግራ እጅህ አንድ ድፍን ብረት ይዘህ ክሮቹ ላይ አንሸራት። በቀኝህ ምታ። ብረቱ በፀጉር ስፋት ቦታውን ከሳተ ድምፁ ይበላሻል። ከብረቱ ኋላ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶችህ ክሮቹ ላይ አርፈው ትርፉን ድምፅ ዝም ያሰኛሉ።

አሁን እዚያች እጅ ላይ ሌላ ብረት ጨምርበት። ክር ወርቅና ቆርቆሮ አይለይም። የነካውን ሁሉ ይናገራል።

3.

ከመጫወት በፊት የሚወልቁ
(ጋሽ ወርዶፋ፣ የባንዱ መሪ፣ በመጀመሪያው ቀን ያስጻፏት)

ሰዓት።
አምባር።
ቀበቶ፣ ዘለበቱ የጊታሩን ጀርባ ስለሚቧጭር።
ሰፊ እጅጌ።
ነጠላ። ጫፉ ክር ላይ ከወደቀ ዘፈኑ ጉንፋን ይይዘዋል።
ሐብል።
ማተብ አይወልቅም፤ ወደ ጀርባ ይዞራል።
ቀለበት።

ቀለበት ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አይተዋት ነበር። ያኔ አላገባችም፤ ሁለቱም አለፉት።

4.

ስምምነት
(በሽምግልናው ቀን የተባለ፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ)

የሙሽራው የናሁሠናይ እናት እትዬ አስካለ ልጅቷን አልጠሉም። የጠሉት ሆቴል ቤት ለሰው መጫወቷን ነው። ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን ሲያዩ ቆይተው አንድ ነገር ላይ ደረሱ፦ በመልሱ ቀን ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ትጫወት፣ እትዬ አስካለ በጆሯቸው ይስሙ፣ ከዚያ በኋላ የሚሉት ይጸናል። ወይንሸት ደስ አላት። አሥራ አንድ ዓመት የተጫወተ ሰው አንድ ዘፈን ምን ያደርገዋል ብላ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለናሁሠናይ አደራ አለችው። ለሙሽራ የሚገዛው አምባር እንዲቀር፣ ሲጫወቱ እንደሚያስቸግር ለእናቱ እንዲነግርላት። ራሷ እንዳትነግራቸው ገና አዲስ ምራት ናት፤ «ወርቃችሁን አልፈልግም» ብሎ መጀመር ይከብዳል።

5.

የስልክ ንግግር፣ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት

ናሁሠናይ፦ እማዬ፣ ያ የአምባሩ ነገር ባይሆንስ።
እትዬ አስካለ፦ ምን ሆነ?
ናሁሠናይ፦ ኧረ ምንም። ለወይንሸት ብዙም አይሆናትም ብዬ ነው።
እትዬ አስካለ፦ የገዛነው?
ናሁሠናይ፦ እ... አዎ። ማለቴ፣ ታውቂያለሽ።
እትዬ አስካለ፦ ገባኝ።*

* አልገባቸውም።

ናሁሠናይ ማታውኑ ለወይንሸት «ነግሬያታለሁ፣ ገብቷታል» አላት። ልጁ አልዋሸም። እናቱን ላለማስቀየም ነገሩን እያሳሳ እያሳሳ ሲሄድ፣ መጨረሻ ላይ የተነገረ ነገር አልቀረም።

6.

እትዬ አስካለ የገባቸው ይህ ነው፦ የተገዛው አምባር ቀጭን ነው፣ ልጅቷ ንቃዋለች።

ዛሬ ጠዋት ካባ ከለበሰች በኋላ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከክንዳቸው ያልተለዩትን አራት ወፋፍራም አምባሮች ይዘው መጡ። የወይንሸትን ግራ እጅ ጨበጥ አድርገው አንድ በአንድ አሳለፉላት። በጆሮዋ «ቀጭኑ እንዳላማረሽ ሰምቻለሁ፤ ይኸው የራሴን» አሏት።

በዚያች ቅጽበት መናገር ትችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ እኔ ብሆን ግን እላለሁ ብዬ አልፎክርም። ባዶ የቀረው ክንዳቸው ላይ የአምባሮቹ ምልክት ነጣ ብሎ ይታያል። ወይንሸት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ይሉኝታ።

7.

ከመጫወት በፊት የሚወልቁ
(ዛሬ)

ካባ፦ ወልቋል፤ ሚዜዋ ይዛዋለች።
ነጠላ፦ ወልቋል።
ሐብል፦ ወልቋል።
ማተብ፦ ጀርባ ላይ።
ቀለበት፦ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልሎበታል።
አምባር፦ አራት። በፀጉር ማስያዣ ወደ ክርን ታስሯል።

8.

መድረኩ ላይ ጋሽ ወርዶፋ መጀመሪያ ያዩት እጇን ነው። ፊታቸው ጠቆረ።

«አውልቂው እንጂ።»

«እምቢ አለኝ፣ ጋሼ።»

ላራዝመው ወይ ብለው ጠየቋት፤ ሌላ ሰው ይዘፍን፣ አንቺ ቆየት ብለሽ ትመጫለሽ አሏት። ወይንሸት ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን እትዬ አስካለን አየች። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። አሁን ብትወርድ ፈራች ይባላል። ጊታሩን ጭኗ ላይ አስተኛች። ከበሮው ገባ፣ ኪቦርዱ ተከተለ። ብረቱን ወደ ላይ ስባ የመጀመሪያውን ረጅም ድምፅ አወጣች። አማረ። ሁለተኛውም አማረ። ሦስተኛው ላይ እጇ ወደ ታች ሲወርድ የፀጉር ማስያዣው ተንሸራተተ።

9.

ቃ።

10.

በድምፅ ማጉያ የወጣ «ቃ» ትንሽ ነገር አይደለም። ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ሰሙት። አንዲት አክስት ሳቀች።

እዚህ ላይ ልብ ወለድ ጸሐፊ የሚያደርገውን አውቃለሁ። ሙሽሪት የአምባሩን ድምፅ ከከበሮው ጋር አዋህዳ አዲስ ምት ትፈጥራለች፣ አዳራሹ በእልልታ ይቀልጣል። እኔም ሞክሬው ነበር፤ ጽፌ ሰረዝኩት። ምክንያቱም

ቃ።

ቃ። ቃ።

ዝም ብሎ አስቀያሚ ነበር። ክሮቹ ነዘሩ፣ ብረቱ ከቦታው ሸሸ፣ ቅኝቱ ወለም አለው። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። አፍረዋል፤ በእሳቸው ወርቅ መሆኑን ግን አላወቁም። ልጅቷ መጫወት አትችልም ብለው ነው ያፈሩት።

ያን ስታይ እጇ ቆመ።

11.

ባንዱም ቆመ። ናሁሠናይ ከሙሽራ ወንበሩ ብድግ ብሎ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት እዚያው ቆመ። ማይክሮፎኑ አፏ አጠገብ ነው።

«እትዬ፣» አለች፣ «ወርቁ ያምራል። ቀጭኑም ያምር ነበር። ነገር ግን እጄ ላይ አምባር ካለ መጫወት አልችልም። ከመጀመሪያው ይህን ማለት ነበረብኝ።»



12.

እትዬ አስካለ ተነሡ። ቀስ ብለው ደረጃውን ወጡ። ሊያስወርዷት ነው ያለ ብዙ ነው፤ ወይንሸትም እንደዚያው አሰበች። አጠገቧ ሲደርሱ እጇን ይዘው አገላብጠው አዩት። የተላጠውን ቆዳ አዩ።

ዘወር ብለው «ፌስታል አምጡልኝ» አሉ።

ስስ ፌስታል መጣ። እጇን ውስጡ ከተቱና አጥብቀው ከአምባሮቹ ሥር አሾለኩት። ከዚያ አንደኛውን በፌስታሉ ላይ ሳቡት፤ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛው አስቸገረ፤ ወይንሸት ጥርሷን ነከሰች፣ እሱም ወጣ። እያንዳንዱን ወደ ራሳቸው ክንድ መለሱት።

«መናቅሽ መስሎኝ ነበር» አሉ። ማይክሮፎኑ ያንንም ለአዳራሹ አደረሰው።

«እኔ? ፈርቼ ነው እንጂ።»

«እኔን?»

ወይንሸት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እትዬ አስካለ ወደ ልጃቸው አንዴ አየት አደረጉ፤ ናሁሠናይ ተቀመጠ።

13.

«በይ ተጫወቺ» አሏት። «ከእንግዲህ በወርቁ ማመካኘት የለም።»

ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም። ከእሷ አንድ እርምጃ ርቀው፣ ፌስታሉን በእጃቸው ጨብጠው ቆሙ።

ወይንሸት ከቅድሙ ይልቅ አሁን ፈራች። እስካሁን ቢበላሽ በአምባሩ ነበር። አሁን እጇ ባዶ ነው፣ የሚበላሽ ነገር ካለ የራሷ ነው። ጋሽ ወርዶፋ በአገጫቸው ምት ሰጡ። ብረቱን አነሣች፤ ክሮቹ ላይ አሳረፈችው።

14.

(ዘፈኑ። አራት ደቂቃ።)




15.

እትዬ አስካለ፦ ይቺን ፌስታል ከጊታርሽ ጋር አኑሪያት፤ ሆቴል ስትጫወቺ ታስፈልግሻለች።