የበዛው ዘይት

የሰው መኪና ዘይት ይጠጣል። የወይዘሮ ተናኘ ላንድሮቨር ግን ዘይት ትወልድ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሾፌሯ ኑሪ እንደ ልማዱ ማለዳ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያዋን ቀጭን ብረት መዘዝ፣ በጨርቅ ጠረግ፣ መልሶ ሰደድ አድርጎ ቢያወጣት ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ተገኘ። ማንም ጠብታ አልጨመረባትም። አሮጌ መኪና፣ ያውም የሊሙ ገነትን ጭቃ ስታርስ ያረጀች መኪና፣ ዘይት ትበላለች እንጂ ታተርፋለች?

“እትዬ ተናኘ፣ ኮታ! ይምጡና ይዩ! ዘይቱ በዛ!”

ተናኘ ወጥታ አየች። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ “ገብርኤል ነው” አለች። “ሟቹ ባሌ ሀብተጊዮርጊስ ከዚህች ቆርቆሮ በቀር የተወልኝ የለም፤ ይህችን አቆይልኝ ብዬ ጧፍ ተስያለሁ።”

“የሼኩ ዱዓ ነው እንጂ። ባለፈው ጁምዓ ለመኪናዋ ዱዓ አስደርጌያለሁ።”

“ለእኔ መኪና ያንተን ሼክ ምን አገባቸው?”

“ውስጧ የምቀመጠው እኔ አይደለሁ እንዴ!”

የጅማው ቦሳ ኪቶ ሰፈር እስኪሰማቸው ተከራከሩ፣ ተሳሳቁ። ኋላም ገብርኤልም ሼኩም ቸር ናቸው፣ ተካፍለው ሰጥተውናል ብለው ታረቁ። በየሳምንቱ ብረቷ ስትመዘዝ ዘይቱ ከፍ ብሏል። በየሳምንቱ “እልል!” ነው። ዘይት በመንደሩ በጠፋበት ዘመን ዘይት የሚበዛለትን ሰው ማን አልተባረከም ይለዋል?

እልልታውን የቆረጠው ቤንዚን ነው። ያኔ ቤንዚን በኩፖን ነበር። ለተናኘ የሚደርሳት ሊሙ ገነት ደርሶ ለመመለስ ልክ ይበቃል፤ ለዝንብ መታጠቢያ እንኳ አይተርፍም። ተናኘ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከሊሙ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ታመጣለች፣ ጅማ ላይ ትቸረችራለች። በዚያ ሰሞን ግን መኪናዋ በመመለሻው መንገድ ላይ እየተነፈሰች መቆም አመጣች። አንድ ቀን ጅማ በዓይን እየታየች ቀጥ አለች። ፀሐዩ ቅቤውን ሲያቀልጠው፣ ቅቤው በኮባው ስንጥቅ ወርዶ የተናኘን ቀሚስ ሲያርሰው፣ ተናኘ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የኑሪን ማጅራት ታይ ጀመር።

አሁን እዚህ ላይ ስለ ተናኘ አፍንጫ ማወቅ ያስፈልጋል። ፊደል አልቆጠረችም፤ አፍንጫዋ ግን ያነባል። አሮጌ ቅቤ ላዩን በለጋ ተለቅልቆ ሲመጣላት ገና ኮባው ሳይፈታ፣ “ይህን ለአማትሽ ውሰጂላት” ብላ ትመልሳለች። ተሳስታ አታውቅም። እና ሰው ተሳስቶ የማያውቅ ሲሆን አደገኛ ነው።

በማግስቱ ኑሪ ብረቷን መዞ፣ “ዛሬም በዝቷል፣ አልሐምዱሊላህ” ሲላት ተናኘ ጠጋ ብላ አሸተተች። ቤንዚን ሸተታት። የጠረገበትን ጨርቅ ነጥቃ አሸተተች። ቤንዚን። እጁን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቤንዚን!

“ኑሪ።”

“አቤት እትዬ።”

“በርበሬ የሰረቀ ያስነጥሰዋል። ይህ እጅህ ላይ የሚሸተኝ የእኔ ኩፖን ነው!”

“ምን ይላሉ?”

“ለማን ነው የምትቀዳለት? ለቡና ነጋዴዎቹ ነው? ለኪቶ ፉርዲሳ ወፍጮ ነው? አንተ ሌባ! የሙት ሚስት ብላችሁ!”

ኑሪ ፊቱ አመድ መሰለ። “ወላሂ ሂን ሃኔ! አልሰረቅኩም! ሽታው ከራሷ ከመኪናዋ ነው።”

“መኪና ቤንዚን የምትጠጣው በአፏ ነው፤ በዘይቷ በኩል አይደለም! ሊያሞኘኝ ነው ደግሞ!”

ይህ ሁሉ በሹክሹክታ የተባለ እንዳይመስላችሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰፈርተኛው አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ኑሪ ቁልፉን ፓራፋንጎው ላይ አስቀመጠና ሄደ። ሲሄድ በበሩ የገባው ደበበ ነው፤ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃው ከእሱ የሚረዝም።

“ጓድ ተናኘ—”

“ጓድህ አይደለሁም። ከእናትህ እበልጣለሁ።”

“እሺ፣ ወይዘሮ ተናኘ። የኩፖን ነዳጅ መሸጥ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ነገ ጠዋት ቀበሌ ይምጡና ቃልዎን ይስጡ። ኑሪም ይጠራል።”

አሻጥር የሚሉት ቃል ላዩ ላይ የተለጠፈበት ሰው ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው። እሷ ኑሪን ልትሰድብ እንጂ ልታሳስር አልፈለገችም። ስድብ ሌላ፣ እስር ሌላ።

ያን ሌሊት አልጋዋ ጎረበጣት። ድልድዩ በጎርፍ የተወሰደ ጊዜ ቅቤዋን በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ያሻገረላት ማነው? ኑሪ ነው። ሀብተጊዮርጊስ ሲሞት ሣጥኑን ከፊት የያዘው ማነው? እስላም ሆኖ፣ እሱ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ቤንዚን ይሰርቃል? “ይሰርቃል እንጂ፤ ሰው አይደለ?” ትልና ትገላበጣለች። “አይሰርቅም” ትልና ደግሞ ትገላበጣለች።

ወፍ ሲንጫጫ ተነሣች። እጇን በእንዶድ አሸች፣ ታጠበች፣ ደግማ አሸች። ከሣጥኗ ንጹሕ ቡትቶ ቀደደች። ከዚያ በዕድሜዋ ነክታው የማታውቀውን ኮፈን ታግላ ከፈተችና ብረቷን ራሷ መዘዘች።

የኑሪ እጅ የለም። የኑሪ ጨርቅ የለም። አሸተተች።

ቤንዚን።

“ኧረ በገብርኤል!” አለች። ዘይቱን በጣቶቿ መሐል አሸችው። ዘይት ይወፍራል፣ ይለጠጣል። ይህ ግን እንደ ቅራሪ ቀጥኖ በክንዷ ወረደ። አፍንጫዋ አልዋሸም፤ የዋሸው አፏ ነው። ሽታው ከኑሪ እጅ ወደ ዘይቱ አልሄደም፤ ከዘይቱ ወደ ኑሪ እጅ መጣ እንጂ!

ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ መካኒኩ ጎሳዬ ቤት ከነፈች። ጎሳዬ ጅማ ላይ ከእኔ በላይ መካኒክ ቢኖር ምላሴን ቁረጡ የሚል ጉረኛ ነው። መፋቂያውን አፉ ውስጥ እንደሸጎጠ ጎትታ አመጣችው። ብረቷን ሰጠችው፤ አሸተተ፤ ቅንድቡን ሰቀለ።

“ይህችን መኪና እንዳታስነሡ! መቼ ጀመራት?”

“ዘይቱ መብዛት ከጀመረ ሰንብቷል። በረከት መስሎን...”

“በረከት! ወተት ውሃ ሲጨመርበት ቅሉ ይሞላል፤ ላሟ ተባርካ ነው?”

ወተትና ውሃ ሲል ለተናኘ ነገሩ ሁሉ እንደ ፀሐይ በራላት። የበዛው ዘይት አልነበረም። የጠፋው ቤንዚን እዚያው ዘይቱ ውስጥ ነበር፣ እነሱ እልል ሲሉለት!

“በየት በኩል ገባ ታዲያ?”

“እሱን ነው የምንፈልገው። ኑሪ ጠዋት ሲያስነሣ ቾኩን ስቦ ይረሳል? ሳይመልሱት ቢነዱ ቤንዚኑ በዝቶ ሳይቃጠል ወደ ታች ይወርዳል።”

“ኑሪ የሚረሳ ሰው አይደለም” አለች። ትናንት ሌባ ያለችውን ሰው ዛሬ ስታሞግስ ጆሮዋ ጋለ።

ጎሳዬ ካርቡሬተሩን አየ፤ ጠግቦ አልፈሰሰም። ካንዴላዎቹን ፈታ፤ ደረቅ ናቸው። ከዚያ ከሞተሩ ጎን የተጣበቀችውን፣ ጭብጥ የምታህለውን የቤንዚን ፖምፓ ፈቶ አወጣ። ከታንኩ ቤንዚን እየሳበች ሞተሩን የምታጠጣው እሷ ናት። ከፈታት፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ እንደ አሮጊት ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።

“ይኸውልዎ። በዚህ ስንጥቅ እየሾለከ ቁልቁል ዘይቱ ውስጥ ነው። ትንሽ ብትቆዩ ዘይቱ ቀጥኖ ሞተሩ ይነክስ፣ ተጣብቆ ይቀር ነበር።”

“ገብርኤልም ሼኩም የሉበትማ?”

“እነሱ ባይኖሩበት እስከ አሁን ነክሶ ነበር” አለና ሳቀ። “ላስቲክ ፈልጌ ልግጠመው።”

“ቆይ። ላስቲኩ ይቆይ፤ ክዳኗን ግጠምና ስጠኝ። መጀመሪያ በእሷ ጉዳይ አለኝ።”

ቀበሌው ግቢ ደርሳ ስታይ ሰው ስኳር ለመውሰድ ተሰልፏል። ኑሪ አግዳሚው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፣ ሚስቱ ዘይቡ ከጎኑ። ደበበ ከጠረጴዛው ጀርባ ነው። ተናኘ ማንንም ሰላም አላለችም። ፖምፓዋን ማጅራቷ ላይ ጫነች፣ በግራ እጇ ደገፈች፣ ኑሪ ፊት ሄዳ አጎነበሰች። በአገሯ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ የተበደለው ራሱ ካላነሣለት አያወርድም። እሷ ድንጋይ አልፈለገችም፤ ከዚህች የከበደ ድንጋይ የት ይገኛል?

“ምንድን ነው እሱ?” አለ ደበበ ከወንበሩ እየተነሣ።

“ሌባው ነው። ይዤው መጣሁ።”

እንዳጎነበሰች አስረዳችው። ደበበ መጥቶ አፍንጫውን አስጠጋና ፊቱን አጨማደደ። “እና አሻጥር የለም?”

“ፖምፓ አሻጥረኛ ናት ካልክ እሰራት።”

ሰልፉ ሳቀ። አንዲት ሴት፣ “አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!” አለች። ኑሪ ግን አልሳቀም፣ እጁንም አላነሣም። የቤንዚን ርዝራዥ ከፖምፓዋ እየወረደ በተናኘ አከርካሪ ቁልቁል ይሄዳል።

“ኑሪ፣ አንሣላቸው እንጂ፤ ትልቅ ሰው ናቸው” አለች ዘይቡ።

“ትንሽ ይቆዩ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ተሸክሜዋለሁ።”

ተናኘ ይህን ስትሰማ ወገቧ ሳይሆን ልቧ ታመመ። “ኑሪ፣ አልሰረቅክም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ትናንት ሲጮኹ ከዚህ ይሰማ ነበር።”

በጠላት ፊት እንኳ ጥርሷን ነክሳ የምታልፍ ሴት ናት። አሁን ግን አየር ሳበችና ግቢውን አናወጠችው። “ኑሪ አልሰረቀም! ያልሰረቀ ሰው ሌባ ያልኩት እኔ ተናኘ ነኝ! የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ!”

ስኳር የሚመዝነው ሰውዬ ሚዛኑን ጣለ። ኑሪ ተነሣ፣ ፖምፓዋን በአንድ እጁ ከማጅራቷ ላይ አነሣ፣ ሌላውን ክንዱን ሰጥቶ ቀና አደረጋት። “አውፍ ብያለሁ” አለ። ወዲያው ፖምፓዋን አገላብጦ ማየት ጀመረ፤ ፊቱም ተለወጠ።

“ማነው የፈታት? ጎሳዬ ነው! በፒንሳ ነው የፈታው፣ ብሎኑን በልቶታል! ልክ የሆነ መፍቻ ቤቴ አለ፤ ቢጠሩኝ ምን ነበር?”

“አኩርፈህ ሄደህ!”

“አባረውኝ!”

“እሺ፣ አባርሬህ። በል እንሂድ፣ ነገ የሊሙ ገበያ ነው።”

“ዘይቱ ተደፍቶ አዲስ ሳይሞላማ የትም አንሄድም።”

“መኪናዋ የማን ናት?”

“የእርስዎ ናት።”

“ታዲያስ?”

“ታዲያማ አንሄድም።”

ተናኘ አፏን ከፈተች። ሰልፉ በሙሉ ምን ልትል እንደሆነ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ኑሪን አየችው፤ ፖምፓዋን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል። አፏን መልሳ ዘጋችውና አዲስ ዘይት ልትፈልግ በበሩ ወጣች፤ ኑሪም ተከተላት። ከኋላ የዘይቡ ሳቅ በሻሿ ታፍኖ ይሰማል።