አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ

ጉልቤ መኪናዋን ወደ ጋራዡ ሲያስገባት በሩን ለትንሽ ነው የሳተው። መሪው ከብዶት ጥርሱን ነክሶ በሁለት እጁ ሲታገል፣ መኪና የሚነዳ ሳይሆን ሰው አንቆ የያዘ ነበር የሚመስለው። ወረደና በሩን ወርውሮ ዘጋው፤ አልበቃውም፣ የፊቱን ጎማ በጫማው ጠለዘው።

«መሪዋ ሞታለች» አለ። «ስጠመዝዛት ደግሞ ታለቅሳለች። ዛሬውኑ ሠርተህ ስጠኝ።»

ሰላምታ የለ፣ እንደምን አደርክ የለ። በጉልበት የማይፈታ ነገር አለ ብሎ ስለማያምን ጉልቤ ብሎ ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ጎን ላይ ካለው ክፍል ብረት የሚበይደው በያጅ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ አየውና፣ «ወንድም ጋሼ፣ የእህትህ ባል መጣልህ። የሚሰበር ዕቃ ካለህ ሰብስብ» አለ። ቀልዱ ነው፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

የጋራዡን ባለቤት ሁሉም ወንድም ጋሼ ነው የሚሉት። ታናሽ እህቱ ልጅ ሆና በዚሁ በአባታቸው ጋራዥ ስትሯሯጥ «ወንድም ጋሼ፣ ወንድም ጋሼ» ስትለው የሰማ ደንበኛ ሁሉ ስሙን ተቀበለው፤ ዛሬ በዕድሜ የሚበልጡት እንኳ እንደዚያው ነው የሚጠሩት።

«እህቴ እንዴት ናት?» አለ ኮፈኑን እየከፈተ።

«ምን ትሆናለች?»

«ስልኳ አይሠራም።»

«ሰበረችው። ታውቃት የለ፣ ዕቃ አይበረክትላትም።»

ይህን ሲል የቀኝ እጁ ጣቶች አንጓቸው ላይ ተልጠው ደም ቋጥረው ነበር። ወንድም ጋሼ አየ፤ አይቶም ዝም አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ዝምታው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሏል። እህቱ ዓይኗ ዙሪያ ጠቁሮ መጥታ «በር መታኝ» ስትለው፣ ምን ዓይነት በር ነው ዓይን እየመረጠ የሚመታው ብሎ አልጠየቀም። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፤ መሃላቸው ገብቼ ነገ ሲታረቁ እኔ ጠላት ልሁን? ይል ነበር ለራሱ። አንጀቱ ያራል፤ አፉ አይናገርም። ኋላ ላይ ጉልቤ እህቱን ከቤት መውጣት ከለከላት፤ እሱም እዚያ ሲሄድ «ተኝታለች» ተብሎ ከበር ይመለስ ጀመር። ከተያዩ ዘጠኝ ወር ሆኗቸዋል። መኪናዋ ግን ሳትቀር ትመጣለች። እዚህ ወረፋ የለም፣ ጥያቄም የለም፤ ጉልቤ ደግሞ እሱን የሚፈራውን ሰው ጠንቅቆ ያውቃል።

ወንድም ጋሼ ወደ ሥራው ገባ። የመሪው ዘይት ማጠራቀሚያ ባዶ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ ከሞተሩ ሥር ያለው ብረት ሁሉ በቀይ ዘይት ወዝቷል። የሚያፈስ መኪና ሐሰተኛ ምስክር ነው ይላል እሱ። ዘይቱ ከላይ ይወጣና በሞተሩ ገላ ተንሸራቶ፣ በነፋስ ተገፍቶ ሌላ ምንም ያላጠፋ ዕቃ ላይ ይንጠለጠላል። ችኩል መካኒክ የረጠበውን ይፈታል፤ ያፈሰሰው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሁሉንም ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠርጎ አደረቀ፣ ማጠራቀሚያውን ሞላ፣ የፊቱን ጎማዎች በክሪክ አንስቶ ከሥር የብረት ድጋፍ አቆመ።

«ግባና አስነሳት» አለው ጉልቤን። «መሪውን መጀመሪያ እስከ ጥጉ ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ ጥጉ ወደ ቀኝ። ቀስ ብለህ።»

ቀስ ማለትን የት ያውቃትና። ወንድም ጋሼ የእጅ ባትሪውን ይዞ ከሥር ተንጋሎ ሳለ ጎማዎቹ ከራሱ አጠገብ ግራና ቀኝ ተወራጩ። ፓምፑ አቃሰተ፤ ግን ደረቅ ነው። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት መገጣጠሚያዎች ደረቅ ናቸው። ገፊው ቱቦ፣ ዘይቱን በኃይል የሚወስደው፣ እሱም ደረቅ ነው። ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው ከሚመልሰው ቱቦ፣ ከመላሹ ላይ ግን፣ ከማሰሪያው ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ቀይ ጠብታ አበጠችና ግንባሩ ላይ ወደቀች።

ቱቦውን በጣቱ ዳሰሰው። ያረጀ ጎማ ይሰነጣጠቃል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ይሄ አልተሰነጠቀም። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ቀጥ ያለች፣ ንጹህ ቁርጥ ናት። ከበላይዋ ሁለት ጭረቶች አሉ፤ እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው ሁለት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው የቆረጣት ነው የምትመስለው። የቢላ ሥራ ነው።

መኪናዋ የምታድረው በተቆለፈ ግቢ ውስጥ ነው። በግቢው ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ከሁለቱ፣ ይቺ ቱቦ የት እንዳለች የምታውቀው አንዷ ብቻ ናት፤ በስምንት ዓመቷ አባቷ ከመኪና ሥር አጠገቡ አስተኝቶ «ይቺ ገፊ፣ ይቺ መላሽ፣ ያቺ የፍሬን» እያለ ያስተማራት።

ልትገድለው ነው፣ አለ ወንድም ጋሼ በልቡ። ከዚያ የባሰውን አሰበ። ጉልቤ ይህችን ቁርጥ ካየ እህቴ ዛሬ ሬሳ ናት።

ታዲያ አለማሳየት ነዋ፣ ትሉ ይሆናል። እንዳትሉ። የዚያ ጋራዥ ሕግ ከአባትየው ዘመን ጀምሮ አንድ ነው፤ አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ ነው። የተቀየረው ዕቃ ታጥቦ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በእጁ ይሰጠዋል፤ «ደህናውን አውልቆ ወሰደብኝ» የሚል ሐሜተኛ አፉ እንዲዘጋ። ብሎን ብትሆን ትመለሳለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ወንድም ጋሼ አንዲት ዕቃ አስቀርቶ አያውቅም፤ ያንን ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አባቱ ስለ ሐሜተኛ እንጂ ስለ ቢላ ያሰበው ነገር አልነበረም።

ከሥር ወጣና፣ «ቱቦው ነው። አርጅቷል» አለ።

«ቀይረዋ። አሮጌውን ስጠኝ።»

ይኸውላችሁ። ልማዱ ነው፤ ተጠራጥሮ እንኳ አልነበረም።

ወንድም ጋሼ ማሰሪያዎቹን አላልቶ ቱቦውን አወለቀው፤ የቀረው ዘይት እጁ ላይና ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አዲሱን ቱቦ ለክቶ አስገባ፣ አሰረ፣ ዘይት ሞላ፤ ሞተሩን ሳያስነሳ በመስኮቱ እጁን አግብቶ መሪውን ደጋግሞ እያዞረ አየሩን አስወጣ። ሞተሩን አስነስቶ ከሥር አየ፤ አንዲት ጠብታ የለም። መኪናዋን ከክሪኩ አወረዳት። እንዲህ ያለ ሥራ በሰላም ቀን ያስደስተዋል። ጉልቤ ሲጋራ ሊለኩስ ወደ በሩ ዞር ሲል ወንድም ጋሼ አሮጌውን ቱቦ በፒንሳ ነክሶ ጠመዘዘው፣ ቁርጡ ላይ ተልትሎ ቀደደው። ንጹሁ ጠርዝ ጠፋ። ልቡ ትንሽ አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው፤ ቁርጡን አጠፋና ጭረቶቹን ረሳቸው።

ጉልቤ ቱቦውን ተቀብሎ አገላበጠው። መኪና አያውቅም። ቢላ ግን ያውቃል።

«አንተ አሮጌ ዕቃ አጥበህ ነበር የምትሰጠው» አለ። «ይሄን ለምን አኘክብኝ?»

«ሲወልቅ ነው የተቀደደው።»

«የፒንሳ ጥርስ ነው ይሄ። ይሄስ?» በጥፍሩ ሁለቱን ጭረቶች ተከተላቸው፤ አንዱን፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ ያለው ሰው ሳቅ ነበር። «እሷ ናት። አንተ ደግሞ ልትደብቅላት።»

«ማንም አይደለም፤ አርጅቶ ነው አልኩህ።»

«ትናንት ጎድኗን ነው የሰበርኩት። ዛሬ አንገቷን ነው።»

ጮሆ ቢሆን ኖሮ ዛቻ ነው ይባል ነበር። የተናገረው ገበያ ላይ ምን እንደሚገዛ እንደሚናገር ሰው ነው። ቱቦውን ኪሱ ከተተና ወደ መኪናዋ በር ተራመደ። ወንድም ጋሼ ፊቱ ቆመ።

«አትሄድም» አለው።

አምስት ዓመት የዘገየች ቃል ናት። ጉልቤ አፉ ላይ በቦክስ መለሰለት። ወንድም ጋሼ ጥርሱ ሲላቀቅ ሰማው፤ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወገቡን ይዞ ተጠመጠመበት። ተያይዘው የመሣሪያውን ጠረጴዛ ገለበጡት። ጉልቤ እጁን ዘርግቶ የክሪኩን እጀታ አገኘና በሙሉ ክንዱ ትከሻው ላይ አሳረፈው። አጥንቱ ቀጭ አለ። የግራ እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁለተኛውን ጀርባው ላይ፣ ሦስተኛውን ጆሮ ግንዱ ላይ ደገመው፤ ወንድም ጋሼ የፈሰሰው ዘይት ላይ በግንባሩ ተደፋ። ጉልቤ ጣቶቹን በጫማው ረግጦ አሻቸው፣ ጎኑን ሁለቴ መታው።

«ይሄን ሄጄ እነግራታለሁ» አለ እያለከለከ። «ወንድምሽ ዘይት ላሰ ብዬ።»

እጀታውን ጣለና ክፍት የነበረውን ኮፈን ሊዘጋ ወደ ሞተሩ አዘነበለ፤ አንድ እጁን ጠርዙ ላይ አስደግፎ፣ በሌላው ኮፈኑን የያዘውን ዘንግ ለመንቀል። ወንድም ጋሼ እንዴት እንደተነሳ እስከ ዛሬ አያውቀውም። ዘንጉ ሲነቀል ከላይ ኮፈኑ ላይ በደረቱ ወደቀበት። የጉልቤ ክንድ ከሥር ነበር። ጉልቤ ሲጮኽ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። ወንድም ጋሼ ከፍ ብሎ እንደገና ወደቀበት፣ እንደገናም፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ያልጠየቀው ጥያቄ ነበረ። ፊቱ ላይ ያለው ደምና ዘይት አልለይ ብሎ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎት ነበር። ያስፈራውም ደስታው ነው።

«በቃ ወንድም ጋሼ፣ በቃ፤ ትገድለዋለህ» አለ በያጁ፣ ከኋላ ተጠምጥሞ እየጎተተው።

«እህቴን ሊገድላት ነው።»

«እንኳን እህትህን፣ ዝንብም አይገድል በዚህ እጁ።» በያጁ ጉልቤን ወለሉ ላይ አጋደመው፣ ጉልበቱን ደረቱ ላይ ጫነ፣ በአንድ እጁ ወደ ፖሊስ ደወለ። «እኔ እይዘዋለሁ። አንተ ሂድ።»

ወንድም ጋሼ በዚያችው መኪና ሄደ። አንድ እጅ ብቻ ነበረው፤ መሪው ግን ላባ ሆኖ በሁለት ጣት ይዞርለት ነበር። ደም እየተፋ ነዳ። የግቢው በር በውጭ ቁልፍ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር ተንጠልጥሎ ስለነበር ከፈተው።

እህቱ ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀኝ ጎኗን በእጇ ደግፋ፣ በአጭር በአጭሩ እየተነፈሰች። ከንፈሯ አብጧል። የሞተር ድምፅ ሰምታ ባሏ የመጣ መስሏት ኖሮ ፊቷን በክንዷ ከልላለች። ክንዷን አወረደች።

«ወንድም ጋሼ» አለች። «አየኸው ቱቦውን።»

«አየሁት። ልትገድይው ነበር?»

«ልገድለው ብፈልግ የፍሬኑ አጠገቡ ነበር። አባባ አስተምሮን የለ?» ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆመች። «መላሹን ነው የቆረጥኩት፣ ቀስ ብሎ እንዲያፈስ። መሪው ሲከብደው ወዴት ይወስዳታል? አንተ ጋ። ስልኬን ሰብሮታል፤ በር ይቆልፋል። ከዚህ ቤት ወጥቶ አንተ ጋ የሚደርስ ነገር ይቺ መኪና ብቻ ናት።»

ወንድም ጋሼ አጠገቧ ተንበረከከ። ጠርቼህ ነው የምትለው፤ እሱ ደግሞ የነፍሰ ገዳይ ሥራ መስሎት ሊደብቅላት ሲታገል ነበር።

«ይኸው መጣሁ» አላት። «ስትጠሪኝ መጣሁ።»

እህቱ ራሷን ነቀነቀች።

«ስጠራህ ሁለተኛዬ ነው» አለች። «ከሁለት ወር በፊት የፓምፑን ቺንጋ ግማሹን ቆርጬው ነበር። መንገድ ላይ ተበጥሶ አንተ ጋ መጣ።»

አስታወሰው። የተበጠሰ ቺንጋ፣ ፓምፑን የሚያዞር ረጅም ጎማ፤ ዕድሜ ነው ብሎ አዲስ አስሮ በግማሽ ሰዓት የሸኘው። ጫፉን እንኳ ወደ ብርሃን አላወጣውም ነበር።

«ዕድሜ ነው ብዬ...»

«አውቃለሁ። አሮጌውን አጥበህ፣ ጠቅልለህ ሰጠኸው።»

በአገጯ ወደ በሩ ጀርባ አመለከተች። ሚስማር ላይ፣ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ጥቁር ጎማ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ጫፉ ለእጅ እንዲመች ተቋጥሯል።

«ይዞት ገባ» አለች። «ከዚያን ቀን ወዲህ ሊገርፈኝ ሲል ቀበቶውን መፍታት ተወ።»