የኮርቻ ሰፊዋ ባል

«የባዝራዋን ነገር ዛሬውኑ እንቁረጠው» አለች ታላቅ እህቱ፣ የሻይ ብርጭቆውን እጁ ላይ እያስያዘችው። «ሰው መቀመጫ አጥቶ ደጅ ቆሟል። የሚስትህ የቆዳ መስፊያ ቤት ቢጸዳ ስንቱን ይይዛል መሰለህ! ፈረሷን ደግሞ ባለጋሪው ልውሰዳት ብሏል። አንተ ምን ታደርጋታለህ?»

ሾፌሩ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ ለሁሉም ነገር እሺ ነው። ብላ ሲሉት እሺ፤ ተኛ ሲሉት እሺ።

እውነትም ምን ያደርጋታል? ዕድሜውን የጨረሰው ከባድ መኪና ላይ ነው። መንገድ ከርሞ ሲመለስ ሚስቱን የሚያገኛት ከቤቱ ጀርባ ነበር፤ ወይ ቆዳ ላይ አጎንብሳ፣ ወይ የባዝራዋን አንገት አቅፋ።

«የኔ መኪና እኮ የሦስት መቶ ፈረስ ጉልበት አላት፤ አንቺ በአንዷ ትመጻደቂያለሽ!» ይላታል።

እሷም ክሩን በጥርሷ እንደያዘች፣ «ከሦስት መቶዎቹ አንዱ እንኳ ይናፍቅሃል?» ትለዋለች።

ይሳሳቃሉ። ከዚያ እሱ ሊተኛ ይገባል፤ እሷ ወደ ተማሪዎቿ ትመለሳለች። ምን እንደምታስተምራቸው አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። የኮርቻ ስፌት ነው ብሎ ነው ያለፈው።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቿ ተያይዘው መጡ፤ ጡረታ የወጣ አናጢና አንዲት ነርስ ከፊት ነበሩ። ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ለቀስተኛው በለሆሳስ ሲያወራ አናጢው ድንገት ሳቅ አመለጠው።

«ምነው?» አለች እህቱ ኮስተር ብላ።

«ይቅርታ እትዬ፤ የመጀመሪያ ቀኔ ትዝ ብሎኝ ነው። ቆዳ ልቆርጥ ቢላዋ ሳነሳ፣ ‹ለማን ነው የምትሰፋው?› አሉኝ መምህራችን። ‹ለፈረስ ነዋ!› አልኳቸው። ‹ታዲያ ተዋወቃችሁ?› ብለው ወስደው ከባዝራዋ ጎን ገተሩኝ። ሳምንት ሙሉ ጀርባዋን ስዳብስ ሰነበትኩ። ስንት ዘመን እንጨት በሜትር የለካሁ ሰውዬ!»

ጥቂቶች ፈገግ አሉ። ነርሷ ግን አቀርቅራ ነበር።

«እኔ የመጣሁት ልጄን በቀበርኩ ሰሞን ነው» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «አንድም ቀን አይዞሽ አላሉኝም። ‹የዚህች ባዝራ ትከሻ ተልጧል፤ የማይቆረቁራት ነገር ስፊላት› አሉኝ። ስሰፋ፣ ሲበላሽ ስተረትር፣ ደግሞ ስሰፋ… ቁስሏ ሲሽር በመዳፌ አየሁት። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ሾፌሩ ቀና አለ። ያን ሰሞን ከመንገድ ሲገባ፣ አንዲት ሴት የባዝራዋ አንገት ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አይቷል። ሚስቱ ከወዲያ ማዶ ቆማ፣ ተመለስ ብላ በእጇ ጠቁማው ነበር። እሱ ራት ዘገየብኝ ብሎ ሲያኮርፍ አመሸ።

ከጓሮ የኮቴ ድምፅ ተሰማ። ባለጋሪው ገመዱን ይዞ እየለመነ ይስባል፤ ባዝራዋ በሩ ላይ እግሯን ተክላ አልወጣም ብላለች። ሾፌሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። እጁን ሲዘረጋላት ፊቷን አዞረችበት።

«ልክ ነሽ» አላት። ወደ ባለጋሪው ዞሮም፣ «ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምንህ። የትም አትሄድም» አለ።

እህቱ ተከትላው ወጥታ ነበር። «አንተ ሰው! ስለ ፈረስ ምን ታውቅና?»

«ምንም አላውቅም።»

ይህን ብሎ ወደ ቆዳ ቤቱ ገባ። ዕቃው ለጽዳት አንድ ጥግ ተከምሯል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ግማሽ ድረስ የተሰፋ ኮርቻ እንዳለ ነው፤ መርፌው ከነክሩ ተንጠልጥሎበታል። የሚስቱን ወንበር አልነካም። አዲስ ተማሪ የሚቀመጥባት አጭር አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል።

«እህቴ፣» አላት ነርሷን፤ «ከየት ነው የሚቀጠለው?»

ነርሷ ገብታ ከጎኑ ተንበረከከች። መሪ ሲጨብጥ የኖረውን ወፍራም ጣቱን ያዘችና፣ ሚስቱ በመጨረሻ በወስፌ በስታት ክር ያልገባባት ቀዳዳ ላይ አሳረፈችው።

ከሳሎን፣ ለቀስተኛ መጥቷል እያሉ ጠሩት። ጣቱን ከቀዳዳዋ ላይ አላነሳም።