የፈሰሰው ቀለም

ጌጥነሽ ያን ማሰሮ የደፋችው በገዛ እጇ ነው፤ ሌላ የሚረገም ሰው የለም።

የአማቷ የመሪጌታ እጅጉ የንስሐ አባት በማግሥቱ ሊመጡ ነበርና ቤቱንም ደጁንም ጠረገች። መሪጌታ ከተኙ ወር አልፏቸዋል፤ እግራቸው አብጧል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል። ከአልጋቸው ሥር ሻጋታ የጋረደው የሚገማ ጥቁር ነገር በማሰሮ አገኘች። አፍንጫዋን ይዛ ጓሮ ጥራጊ በሚጣልበት ጉድፍ ላይ ደፋችውና ማሰሮውን በአመድ ፈትጋ አጠበችው። ሙያ መሆኑ ነው!

እዚህ ቤት ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። በስልሳ ዓመተ ምሕረቱ የግብር አመፅ ባሏ ካሴ ከቡሬ ማዶ በጥይት ወደቀ፤ ሬሳው አልተገኘም። ቤታቸውም በዚያው ሰሞን ተቃጠለና ወደ አማቷ ተጠጋች። መጽሐፍ ጸሐፊው መሪጌታ ግን አንድ ቃል ገብተውላታል፤ ለደብሩ በሚጽፉት ዳዊት መጨረሻ የልጃቸውን ስም ያሰፍራሉ፣ ካህናቱም በጸሎት ያነሡታል። መቃብር የሌለው ሰው ሌላ ምን አለው?

«ልጄ፣ ከአልጋው ሥር ያለውን ቀለም አቀብይኝ» አሉ ከሰዓት በኋላ። «እጄ ሳይዝል ስሙን ልጻፍለት።»

ጌጥነሽ ክው አለች። «የበሰበሰ ነገር መስሎኝ... ደፋሁት አባባ።»

ከምጣድ ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት ከተቆላ ገብስ ጋር ሦስት ወር ካልበሰበሰ ቀለም አይሆንም፤ ከብራናው ላይ ይረግፋል። ሽማግሌው ደግሞ የሦስት ወር ዕድሜ የላቸውም። ሁለቱም ያውቁታል።

«ተይው እንግዲህ፤ የፈሰሰ አይታፈስም» አሉ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ሮጣ ወጣች። ጉድፉን ዶሮዎች ይጭሩታል። አባረረቻቸውና ጥቁሩን ጭቃ ከነአመዱ፣ ከነገለባው፣ ከነዶሮ ኩሱ በጥፍሯ ፈቀፈቀችው። ውሃ ጠብ አደረገችበትና እያለቀሰች በሐዘን ነጠላዋ ጨመቀችው። የወጣው ግማሽ ስኒ አይሞላም።

መሪጌታ ተደግፈው ተቀመጡ። ቀለሙ አሸዋ ነበረበትና ብዕሩ ብራናውን ይቧጥጥ ጀመር።

«ቆሻሻ ነው አባባ።»

«ይሁን፤ እሱስ አፈር ላይ አይደል የቀረው?»

«ተዘከሮ እግዚኦ ለገብርከ ኃይለ ሚካኤል» ብለው ጻፉ፤ አቤቱ ባሪያህን አስበው ማለት ነው፤ ኃይለ ሚካኤል የካሴ የክርስትና ስሙ ነው። ከሥሩ የጸሐፊው የራሳቸው ስም ሊከተል ይገባ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ቀለም አልተረፈም። በስምንተኛው ቀን ሞቱ።

ጌጥነሽ ፊደል አልቆጠረችም። በየዓመቱ ካሴ በወደቀበት ቀን የደብሩ ቄስ ዳዊቱን ይገልጡላታል። ሌላው ጽሕፈት ሁሉ ልስልስ ነው። ጣቷን ቀስ አድርጋ ታሳልፍና ሻካራው ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ ባሏን ማንም ሳያሳያት ታገኘዋለች።